ቢል ዊዘርስ፦ በልኩ ዘፍኖ በልኩ ያቆመው

የሶል ሙዚቃ ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታወሰን ላብ፣ ጩኸትና የመድረክ ትርዒት ነው። በዚህ ሚዛን ከተመዘነ ቢል ዊዘርስ ቀልሎ ይገኛል። ዘፈኖቹ ቀላል ናቸው፣ ተሰጥኦውንም በአጭር ቀጨው የሚሉ ወገኖች አሉ። በበኩሌ ፍርዱ የተገለበጠ ይመስለኛል።

ዊዘርስ እ.ኤ.አ. በ1938 በዌስት ቨርጂኒያ ስላብ ፎርክ በተባለች የከሰል ማዕድን መንደር ተወለደ። በልጅነቱ ተብታባ ነበር። ዘጠኝ ዓመት በባሕር ኃይል አገልግሎ፣ በኋላ ካሊፎርኒያ የአውሮፕላን መጸዳጃ በሚሠራ ፋብሪካ ተቀጠረ። የመጀመሪያ አልበሙ በ1971 ሲወጣ ዕድሜው 32 ነበር። ሽፋኑ ላይ ምሳ ዕቃውን ይዞ ይታያል፤ የሙዚቃውን ንግድ ስላላመነው ሥራውን ገና አልለቀቀም።

በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ ሸክም የተሸከመውን ምሰሶ ለጌጥ ከቆመው መለየት እንጀራዬ ነው። በዊዘርስ ዘፈን ውስጥ ለጌጥ የቆመ ቃል ማግኘት ይቸግራል። «ኤይንት ኖ ሰንሻይን» ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። መሐሉ ላይ ሁለት ቃላት 26 ጊዜ ይደጋግማል። ቦታውን በኋላ በግጥም ሊሞላው አስቦ ነበር፤ አብረውት የሚጫወቱት ሙዚቀኞች ግን እንዳለ እንዲተወው መከሩት። ቢሞላው ኖሮ ስለ ሐዘን የተነገረ እንሰማ ነበር፤ አሁን የምንሰማው ሐዘን ምላሱን የያዘውን ሰው ነው።

በ1972 በካርኔጊ ሆል የተቀዳው «አይ ካንት ራይት ሌፍት ሃንድድ» ደግሞ በቬትናም ስለ ቆሰለ ወታደር ነው። ቀኝ እጁን አጥቷልና ለእናቱ ደብዳቤ የሚጽፍለት ሰው ይለምናል። መፈክር የለም፣ ውግዘት የለም። ጦርነቱን ለመፍረድ ግን ያ ልመና ይበቃል።

ሁሉም ሥራው እኩል ነው ማለቴ አይደለም። የ1985ቱ የመጨረሻ የስቱዲዮ አልበሙ በዘመኑ የማሽን ድምፅ ተለስኖ የድሮው ሻካራነት ጠፍቶበታል። ከዚያ በፊት የሙዚቃ ኩባንያው ለዓመታት ዘፈኖቹን ሲመልስበት ኖሯል። እርሱም ትቶ ወጣ፤ በ2020 እስኪሞት ድረስ ሌላ አልበም አላወጣም።

ይህን ነው ብክነት የሚሉት። እኔ ግን ከዘፈኖቹ ጋር አንድ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ያንን 26 ጊዜ የተደጋገመ ቃል ሳይሞላ የተወው ሰው፣ የቀረ ዕድሜውንም በማይረባ አልበም አልሞላውም። ብዙ በመጻፍና ብዙ በመናገር ለምንለካካ ለእኛ ይህ ትንሽ ትምህርት አይደለም።