ያልተቀረጸው ጎን፦ የምናብ ዘመን ዕቃዎች በሙዚየም

በዋሽንግተን የሚገኘው የስሚዝሶንያን ብሔራዊ የአየርና የሕዋ ሙዚየም ዋና አዳራሹን እ.ኤ.አ. በ2016 አድሶ ለሕዝብ ሲከፍት፣ ቻርልስ ሊንድበርግ አትላንቲክን ብቻውን ከተሻገረበት አውሮፕላን ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ለአንዲት የእንጨት መርከብ ቦታ ሰጣት። መርከቧ የትም በርራ አታውቅም። «ስታር ትሬክ» በተባለው የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ተከታታይ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 የአሜሪካን ተመልካች ከኮከብ ኮከብ ስታዞር የነበረችው «ኢንተርፕራይዝ» ናት። እውነተኛ በረራ በሚዘከርበት አዳራሽ የድራማ ዕቃ ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። ይህን የሚል ሰው ግን እዚያው አዳራሽ የቆመችውን የጨረቃ ማረፊያ መንኮራኩርም ልብ ሊላት ይገባል። ኤልኤም-2 ትባላለች። ለሙከራ ተሠርታ ከምድር ሳትነሣ የቀረች፣ በኋላም የአፖሎ 11ን ማረፊያ እንድትመስል የተሰናዳች ናት። ጨረቃን የረገጠችው እኅቷ እግሮቿን እዚያው ትታ ቀርታለች፤ ለእይታ የምትቀርብ አይደለችም።

ስለዚህ እውነተኛውን ዕቃ ከሐሰተኛው ለመለየት የምንተማመንበት መስመር ሙዚየም ደጃፍ ላይ ሲደርስ ይደበዝዛል። የተሻለ መለኪያ ያለ ይመስለኛል። ለፊልም የሚሠራ ቁሳቁስ፣ የሙያው ሰዎች ፕሮፕ የሚሉት፣ የሚሠራው ለአንድ ዓይን ብቻ ነው፤ ለካሜራው። ሙዚየም ሲገባ ግን ዙሪያውን እየዞረ የሚያየው ሰው ይመጣበታል። እንዲህ ያለ ዐውደ ርእይ የሚመዘነው ካሜራው ያላየውን ጎን በማሳየቱ ወይም በመሸፈኑ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ኢንተርፕራይዝ ለዚህ ክርክር የምትመች ናት። ማት ጄፍሪስ ነደፋት፤ ሪቻርድ ዳቲንና ባልደረቦቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከእንጨት፣ ከፕላስቲክና ከቆርቆሮ ሠርተው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1964 መጨረሻ አስረከቧት። (የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር።) ርዝመቷ 3.4 ሜትር ገደማ ነው። በቀኝ ጎኗ መስኮቶቹ፣ ቁጥሮቹና ምልክቶቹ ሁሉ አንድ በአንድ ተሥለዋል። ወደ ግራ ሲዞሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ለመብራቷ የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ ገመድ የሚገባው በዚያ በኩል ስለሆነ ጎኑ ሳይዋብ ቀርቷል። ካሜራው ወደዚያ ዞሮ አያውቅማ! መርከቧ በተቃራኒው አቅጣጫ ስትጓዝ ማሳየት ሲያስፈልግ ፊልሙ ይገለበጣል። ከፊት ለፊት በሁለቱ ሞተሮች ጫፍ እሳት መስሎ የሚሽከረከረው ነገር ደግሞ ለገና ዛፍ የሚሰቀል ዓይነት አምፖልና የመስታወት ስብርባሪ ነው፤ የሚያዞረው ትንሽ ሞተር ነው።

ፓራማውንት ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1974 ለሙዚየሙ ከሰጣት በኋላ የደረሰባት ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በ1974፣ በ1984 እና በ1991 ታድሳለች። በሦስተኛው እድሳት በአካሏ ላይ ጎላ ጎላ ያሉ መስመሮች ተሠመሩባት፤ የድራማው ወዳጆች ይህች የምናውቃት መርከብ አይደለችም ብለው አጉረመረሙ። ከ2000 እስከ 2014 የቆየችው ደግሞ በሙዚየሙ የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫ ምድር ቤት ነበር። ይህን እንደ ውርደት የሚቆጥሩት ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ሙዚየሙ ያን ጊዜ ስለ ዕቃዋ የነበረውን ግምት በግልጽ መናገሩ አድርጌ አየዋለሁ። ቅርስ ናት ወይስ ሸቀጥ የሚለውን መወሰን ስላቃተው በመካከል አስቀመጣት።

ውሳኔው የመጣው ለመጨረሻው እድሳት ስትነሣ ነው። ባለሙያዎቹ በራጅና በአልትራቫዮሌት ጨረር መረመሯት፤ ጥንት ያዩዋት ሰዎች ያነሷቸውን ፎቶግራፎች እንዲልኩ ሕዝቡን ጠየቁ። ከዚያ አንድ ወር መረጡ፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1967። ለቀረጻ ስትባል ለመጨረሻ ጊዜ የተነካካችበት ወቅት ነው። ክብ ጣሪያዋ ላይ ያለው ቀለም ግን የመጀመሪያው ስለነበር ሳይነካ ተተወ። ባዶው ግራ ጎንም እንደ ቀኙ እንዲያምር አልተሞከረም። ለሊቃውንት ጉባኤ የሚበቃ ጥንቃቄ ነው፤ አንድ የብራና መጽሐፍ የሚያድስ ሰው የትኛውን ዘመን እንደሚያድስ መወሰን እንዳለበት ሁሉ፣ እነዚህም ለአንዲት የቴሌቪዥን መርከብ ዘመን ቆረጡላት። ባዶውን ጎን የሚያይ ጎብኚ ስለ ጠፈር ምንም አይማር ይሆናል፤ በ1960ዎቹ በጠባብ በጀትና በአጭር ጊዜ ምናብ እንዴት ይመረት እንደነበር ግን በዓይኑ ያየዋል።

ትንንሾቹ ዕቃዎች ይህንኑ በሌላ መንገድ ይናገራሉ። የመርከቧ ሐኪም በሽተኛ የሚመረምርበት መሣሪያ ጨው መነስነሻ ነበር። መነስነሻዎቹ የተገዙት ለአንድ ክፍል ጨው መነስነሻ ሆነው እንዲቀርቡ ነው፤ ቅርጻቸው እንግዳ ስለሆነ ተመልካቹ ምንነታቸውን አይለየውም ተብሎ ወደ ሕክምናው ክፍል ተዛወሩ። ክዳኑ ተከፍቶ የሚነገርበትን የኪስ መገናኛ የሠራው ዋ ቻንግ የተባለ ቀራጺ የሠራተኞች ማኅበሩ አባል ስላልነበረ ስሙ በድራማው ላይ አልሰፈረም። ሐኪሙን የተጫወተው ሰው ስም ዛሬም ይጠራል፤ መገናኛውን የሠራው ሰው ስም የሚታወቀው ሙዚየምና የጨረታ ካታሎግ ስለጻፉት ነው።

እኛ ዘንድስ? በአገራችን ትንንሽ ከተሞች ብዙ ሰው ሳይንሳዊ ልብ ወለድን የተዋወቀው በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ነው። የወደፊቱ ዘመን ቁሳቁስ የተሠራው ሌላ አገር ነው፤ እዚህ የደረሰው ምስሉ ብቻ ነው። ይህን ገልብጦ ያየው «ክራምብስ» የተባለው ፊልም ይመስለኛል። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ኢትዮጵያ ውስጥ በአማርኛ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2015 በሮተርዳም የፊልም ፌስቲቫል ታየ፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ተውነውበታል። ዓለም ካለፈች ወዲያ ነው፤ ሰማይ ላይ አንድ የዛገ የጠፈር መርከብ ተንጠልጥሏል፣ ጥንዶቹ የሚኖሩት በተተወ የቦውሊንግ መጫወቻ አዳራሽ ነው፣ ሴቲቱ ለማይክል ጆርዳን የጸሎት ቦታ አሰናድታለች። የዳሎል ጨዋማ ሜዳ ደግሞ ማንም ስቱዲዮ ሊሠራው የማይችለውን መድረክ በነፃ አበርክቷል።

ለርእሳችን የሚጠቅመው የሱቁ ትዕይንት ነው። ሰዎች ከቀደመው ዘመን የተረፈ ዕቃ ይዘው ወደ አንድ ነጋዴ ይመጣሉ፤ የፕላስቲክ ኒንጃ ኤሊ፣ የልጆች መጫወቻ፣ የማይክል ጃክሰን «ዴንጀረስ» ሸክላ። ነጋዴው እያገላበጠ ያየዋል፤ ከዚያም ምን እንደነበረ፣ ማን ይገለገልበት እንደነበረ፣ ምን እንደሚያወጣ ይናገራል። አንዱም ትክክል አይደለም፤ ድምፁ ግን የሙዚየም አስጎብኚ ድምፅ ነው፣ እርግጠኝነቱም የካታሎግ እርግጠኝነት ነው። የፊልሙ ፕሮፖች ያን ጊዜ ከገበያ የተለቀሙ ርካሽ ዕቃዎች መሆናቸው ቀልዱን ያጠነክረዋል። የአሜሪካው ድራማ ጨው መነስነሻን ወደፊት ወስዶ የሕክምና መሣሪያ አደረገው፤ የኛው ፊልም ደግሞ የዛሬውን መጫወቻ ወደ ኋላ መልሶ የጥንት ቅርስ አደረገው። ከሁለቱ ጠንካራው ሂስ የሁለተኛው ነው፤ ዕቃን ብቻ ሳይሆን ዕቃን የሚተነትነውን ሰውም ይመረምራልና። ድክመት የለውም አይባልም። የአገሬው መልክዓ ምድር አንዳንዴ ለባዕድ ዓይን ግርምት የተዘረጋ ምንጣፍ ሆኖ ይቀራል፤ ዳሎል አካባቢ ሰው ጨው እየቆረጠ እንደሚኖር ፊልሙ ደንታ የለውም።

ነጋዴው የሚያሾፈው በሩቅ ሙዚየሞች ላይ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ምድር ቤት ወርደን በአድናቆት የምንቆምላት ድንቅነሽ ቅጂ ናት፤ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት የተረፈው ዐፅም የሚጠበቀው በሌላ ክፍል ነው። ቅጂ ማሳየት ነውር የለውም፤ ዐፅሙ ከ2007 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሲዞር የተነሣው ክርክር እንደሚያስታውሰን እውነተኛውን ማሳየትም ዋጋ አለው። ዐፅሙ የተገኘው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ነው፤ ያው ስሚዝሶንያን የእንጨቷን መርከብ በተረከበበት እ.ኤ.አ. በ1974። ምናብና ሳይንስ ከዚያም ወዲህ መገናኘታቸው አልቀረም። ኅዳር 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. «ሉሲ» የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ድንቅነሽ በተባለ አስትሮይድ አጠገብ ስታልፍ አንዲት ትንሽ ጨረቃ አገኘችለት፤ ስሟንም ሰላም አሏት። ማንም የድራማ ጸሐፊ ቢጽፈው አበዛው እንለው ነበር።

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ስንሻገር የዕቃ ማሳየት ልማድ አዲስ እንዳልሆነ እናያለን። በጣና ገዳማት ዘውዱን፣ የብራናውን መጽሐፍ፣ መስቀሉን ከዕቃ ቤት አውጥቶ የሚያሳየው መነኩሴ ነው። መጽሐፉን ራሱ ይገልጣል፤ ሥዕሉ የማን እንደሆነ፣ ዘውዱን የትኛው ንጉሥ እንደሰጠ ራሱ ይተርካል። ዕቃው ያለ ተራኪ አይወጣም፤ የማይታየው፣ ታቦቱ፣ ደግሞ ክብሩ በአለመታየቱ ነው። ዛሬ ዛሬ መስታወትና የጽሑፍ መግለጫ እየገባ ነው። ለጥበቃው ይበጃል፤ ነገር ግን ጎብኚው መነኩሴውን ከየት አወቁት ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር፣ ካርዱን ግን አይጠይቀውም።

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ለጉብኝት ተነሥቶ በባሕር ዳር በኩል ጢስ ዓባይ የሚወርድ ሰው ሊያይ የሚሄደው ነገርም በሥዕል ቀድሞ የሚያውቀው ነው። በ1969 ዓ.ም. የወጣው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ፏፏቴው ሞልቶ ይወርድ ነበር፤ የሆቴል ግድግዳዎችም እንዲሁ ያሳዩታል። በግንቦት የደረሰ ሰው ግን ገደሉን ያገኛል፣ ውኃው ቀጥኗል። ጥፋቱ የወቅቱ ብቻ አይደለም። የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ከፏፏቴው በላይ ውኃ መቅዳት ጀመረ፤ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው በ1993 ዓ.ም. ተጨመረ። በኋላ ደግሞ የጣና በለስ ፕሮጀክት ከሐይቁ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ውኃውን ወደ በለስ ወሰደ። ጎብኚው የተታለለ ይመስለዋል፤ አስጎብኚውም በነሐሴ ተመለስ ይለዋል። የብሩም ሥዕል፣ የግንቦቱም ገደል እውነት ናቸው፤ ያልታየው በሁለቱ መካከል ያለው ሥራ ነው።

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ፣ ባሕር ዳር አጠገብ፣ የጨረጨራ ግድብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 በሁለት በሮች ተጀምሮ በ2001 አምስት ተጨመሩለት። ፏፏቴው ምን ያህል እንደሚሞላ በአብዛኛው የሚወሰነው በእነዚህ ሰባት በሮች ነው፤ የጎብኚዎች መኪና ግን ሳይቆም ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ በቀጥታ ወደ ገደሉ ይሄዳል። የጢስ ዓባይን ጉብኝት አዲስ እንዲያዘጋጅ የታዘዘ ባለሙያ ቢጠይቀኝ፣ ትኬቱ የሚቆረጠው ጨረጨራ ላይ ይሁን፣ መጀመሪያ በሮቹ ይታዩ እለው ነበር።