እህሉ ይቀመጥ፣ ዱቄቱ ይደርሳል

ሱሉልታ ላይ ባልትና የሚያዘጋጅ ሰው ከነቀዝ በፊት እርጥበትን መፍራት አለበት። ከተማችን ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፣ ጉሙ እስከ ረፋድ አይገልጥም፣ የተሰጣው ሳይደርቅ ይመሻል። ብርዱ ግን ውለታም አለው። ነቀዝ ሙቀት ይወዳል፤ ከ15 ዲግሪ በታች መራባቱ እጅግ ይቀንሳል። ስለዚህ አዳማ ያለች እህታችን የምትነግረንን የእህል አያያዝ እንዳለ ወስደን እዚህ ብንሠራበት፣ ነቀዙን ስንጠብቅ ሻጋታው ይቀድመናል።

ከእህል ሁሉ ጤፍን የሚያህል ለማስቀመጥ የሚያመች የለም። ነቀዝ የሚራባው እንቁላሉን ፍሬው ውስጥ ጥሎ ነው፤ ትሉም ፍሬውን ከውስጥ እየበላ ያድጋል። የጤፍ ፍሬ ለዚያ ትል ማደሪያ አይበቃም። ይህን ገበሬው ከጥንት ያውቀዋል፤ ማሽላውን ወይም ባቄላውን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ያስቀምጣል። ጤፉ በፍሬዎቹ መሀል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ነቀዙን መላወሻ ያሳጣዋል፤ ሲፈለግ በወንፊት ይለያል።

ያው ጤፍ ከተፈጨ በኋላ ግን ሌላ ነገር ነው። በፍሬው ውስጥ ተሸፍኖ የቆየው ቅባት ከአየር ጋር ይገናኛል፤ ዱቄቱ ቀስ በቀስ ይሸታል፣ መረር ማለትም ይጀምራል። አንድ ኩንታል ሙሉ በአንድ ጊዜ አስፈጭቶ ማስቀመጥን የማልደግፈው ለዚህ ነው። ለሦስት ለአራት ሳምንት የሚበቃው ወፍጮ ቤት ይሂድ፣ የቀረው በፍሬው ይቆይ። ወፍጮ ቤት መመላለሱ ያደክማል፤ የተበላሸ ዱቄት መድፋት ግን የበለጠ ያማል።

ዱቄት ከወፍጮ ሲወጣ ትኩስ መሆኑን ብዙ ሰው ቁም ነገር ብሎ አያየውም። ትኩሱን በርሜል ውስጥ ገልብጦ ክዳኑን መግጠም ማለት እንፋሎቱን አብሮ መዝጋት ነው። ሌሊት ክዳኑ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ውሃ ይሆንና ተመልሶ ዱቄቱ ላይ ይንጠባጠባል። ከላይ የሚጓጉለውና በኋላ የሚሻግተው ከዚያ የመጣ ነው። የማዳበሪያውን አፍ ከፍቶ፣ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርጎ ማሳደር ይበቃል።

ቀጥሎ ቤቱ ነው። በድሮው ጎጆ ጎታው ከምድጃው ብዙ አይርቅም ነበር፤ ጭሱና ሙቀቱ ክረምቱን ሙሉ ያደርቁታል። ዛሬ የሲሚንቶ ወለልና የቆርቆሮ ጣሪያ አለን። ሲሚንቶ ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ደግሞ ከውስጥ ያልበዋል፣ ንጋት ላይም ያንጠባጥባል። ማዳበሪያ በቀጥታ ወለል ላይ አይቀመጥም፤ እንጨት ይረብረብለት፣ ከግድግዳውም አየር የሚያሳልፍ ያህል ይራቅ። ማድ ቤት ደረቅ ነው ብለው ከምድጃ አጠገብ የሚያስቀምጡ አሉ። ለጤፍ ምንም አይል ይሆናል፤ ስንዴና ባቄላ ላይ ግን ብርዱ የያዘልንን ነቀዝ በገዛ እጃችን ማሞቅ ነው።

የሽሮ እህል ከሌላው የሚሻለው እሳት ስላየ ነው። ባቄላና ሽምብራ ነቀዙን ከማሳ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፤ ሲታመስ እንቁላሉም ትሉም ይሞታል፣ እርጥበቱም ይወጣል። ሽሮን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ቅመሙ ነው፤ በደንብ ያልደረቀ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ተቀላቅሎ ሲፈጭ። መለኪያዬ ጥርሴ ነው፤ ሲነከስ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ገና ነው፣ ወደ ፀሐይ ይመለስ። በርበሬም እንዲሁ ነው። ከጎጃም የሚመጣው ዛላ መንገዱ በእኛው ከተማ በኩል ስለሆነ በቀላሉ እናገኘዋለን፤ ሆኖም ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ የተረጨበት አለ። ልምጥ ልምጥ የሚል፣ ሲሰነጠቅ ውስጡ ነጭ ወይም ግራጫ ሻጋታ የያዘ ዛላ በርካሽም ቢሆን አይገዛም። የዓመቱን ሽሮና በርበሬ ከሚያዝያ በፊት፣ ፀሐዩ ሳያመልጥ መጨረስ እዚህ አገር ግዴታ ነው።

ሻጋታን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ይህም ጉበትን ይጎዳል፣ በማብሰልም አይጠፋም። ሱሉልታ ደግሞ የወተት አገር ናት፤ የሻገተውን እህል ለላም መስጠት ማትረፍ ይመስለናል። መርዙ በወተቱ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ጥናት፣ ሱሉልታን ጨምሮ ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ ከተሞች 110 የወተት ናሙና መርምሮ፣ ከአውሮፓ ኅብረት ወሰን ያላለፉት 9 ብቻ ሆነው አግኝቷቸዋል። ዋናው ተጠያቂ የኑግ ፋጉሎ ነበር፤ እኛ ደግሞ የሻገተ ስንዴ አንጨምርበት።

ስንዴ ወይም በቆሎ ብዙ ለሚያስቀምጥ ሰው ባለሦስት ድርቡ ፒክስ ከረጢት ጥሩ ነው። ሁለቱ የውስጥ ላስቲኮች አየር ስለማያስገቡ ነቀዙ ያለውን አየር ጨርሶ ይሞታል። የሚሠራው ግን ለደረቀ እህል ብቻ ነው፤ እርጥቡን አፍኖ ማሰር ሻጋታን መቀለብ ነው።

የነቀዝ ክኒን የምትገዙ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ተዉት። ክኒኑ የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ለዚህ ጋዝ ማርከሻ መድኃኒት የለም። ሰው በሚተኛበት ቤት፣ ከመኝታ ክፍል ጋር ግድግዳ በሚጋራ ጓዳም ቢሆን፣ ያ ክኒን አይደር። እህሉ ነቅዞ እንደሆነ አበጥሩት፣ ፀሐይ አስመቱት፣ ቶሎ አስፈጭታችሁ ጨርሱት።