ከላይ የታየ መቅደስ

የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ ሄዳችሁ ባታዩት እንኳ ፎቶግራፉን ታውቁታላችሁ። ከአንድ ዐለት የተፈለፈለው ሕንፃ በጥልቁ ጉድጓድ መካከል ቆሟል፤ በጣሪያውም ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹ ሦስት መስቀሎች ይታያሉ። በቀን መቁጠሪያ ላይ አለ፤ በሆቴል ግድግዳ ላይ አለ፤ አሁን አሁን በስብከታችን ስላይድ ላይም አለ። “ሕንፃው ራሱ መስቀል ነው” እንላለን፤ ጉባኤውም “አሜን” ይላል።

ፎቶግራፉ አልዋሸም። ከአፋፉ ላይ ለቆመ ሰው መስቀሉ በእርግጥ ይታያል፤ ለመሳለም የመጣው ምእመንም ያየዋል። ነገር ግን ጣሪያው ላይ በር የለም። ለመግባት በዐለቱ ውስጥ በተቆፈረው ጠባብ መተላለፊያ ቁልቁል መውረድ፣ ግቢው ውስጥ መድረስ፣ ጫማ ማውለቅ ያስፈልጋል። ከበሩ ፊት ስትቆሙ መስቀሉ ከዐይናችሁ ተሰውሯል፤ የቀረው ከፊታችሁ ቀጥ ያለው ግድግዳ ነው። ይህን የሚያሳይ የቀን መቁጠሪያ አላጋጠመኝም።

በኢንዶኔዥያ፣ በጃቫ ደሴት ያለው የቡድሂስቶች መቅደስ ቦሮቡዱርም ዕጣው ተመሳሳይ ነው። ከአየር ላይ ሲነሣ ስድስት ባለ አራት ማዕዘን እርከኖችና በላያቸው ሦስት ክብ እርከኖች ያሉት አንድ ንድፍ ሆኖ ይታያል። እየዞረ የሚወጣው ሰው ግን በታችኞቹ እርከኖች በግድግዳ ተከልሎ የሚያየው ከጎኑ የተቀረጸውን ድንጋይ ነው፤ ሰማዩ የሚከፈትለት ከላይ ሲደርስ ነው። እምነታቸውን አንጋራም። ግንበኞቹ ግን መቅደስ የሚናገረው ወደ እርሱ በሚቀረብበት መንገድ መሆኑን ያውቁ ነበር።

ስለዚህ ወደ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ልምራችሁ። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ኤቫንስ (1853–1943) በለንደን መጽሐፍ ሻጭ ነበር፤ ሱቁን ትቶ ካቴድራሎችን ወደ ማንሳት ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1903 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዌልስ ከተማ ካቴድራል ያነሣው ሥራ “የደረጃዎች ባሕር” ይባላል። ዐይናችን ከታች ወደ ላይ ይመለከታል፤ የድንጋዩ ደረጃዎች እንደ ማዕበል እየተነሡ ቅስት ወዳለው በር ይወጣሉ። በሥዕሉ ውስጥ አንድም ሰው የለም። ይሁን እንጂ ደረጃዎቹ ጎድጉደዋል፤ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የወጡና የወረዱ እግሮች ድንጋዩን በልተውታል። የቤተ ጊዮርጊስን ፎቶግራፍ ሳይ ተመልካች ነኝ። ይህን ሳይ ግን ጉልበቴ ዳገቱን ያስባል።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ይህ ደረጃ ወደ መሠዊያ አያደርስም። ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ክፍል የሚወስደው ወደ ካህናቱ መሰብሰቢያ አዳራሽ ነው፤ በእኛ አነጋገር የሽማግሌዎች ስብሰባ ክፍል እንደ ማለት። (ስንቶቻችን ነን እንዲህ ያለ ደረጃ ወጥተን ስለ በጀት የተከራከርን!) ኤቫንስ ግን በብርሃኑ አያያዝ ወደ ሰማይ የሚያደርስ አስመስሎታል። እዚህ ላይ ውበቱ እውነቱን ቀድሞታል። ቢሆንም መቅደስ የሚወጣበት እንጂ የሚታይ ብቻ አለመሆኑን ከእርሱ በላይ ያስተማረኝ ፎቶግራፍ የለም።

ቋንቋችንም ይህን ያውቃል። ከመዝሙር 120 እስከ 134 ያሉትን “የመዓርግ መዝሙር” የሚለው መጽሐፍ ቅዱሳችን መዓርግ ሲል መወጣጫ ማለቱ ነው። ዛሬ ማዕረግ ሹመት ሆኗል፤ ደረጃም እንዲሁ። ሴሚናሪ የገባነው የትኛውን ፈልገን እንደሆነ ለየብቻችን እንመልስ።

ሕዝቅኤልንም ተመልከቱ። በምዕራፍ 40 ነቢዩ መጀመሪያ የሚቆመው እጅግ ረጅም በሆነ ተራራ ላይ ነው፤ ሕንፃውን ከሩቅ ያያል። በዚያ ግን አይቀርም። ወደ በሩ ይወሰዳል፤ ሰባት ደረጃ ወደ ውጭው በር፣ ስምንት ደረጃ ወደ ውስጠኛው (40፥22፣ 31)። በ41፥1 ወደ መቅደሱ ይገባል። በ41፥3 ላይ ግን ወደ ውስጥ የሚገባው መሪው ብቻ ነው፤ ነቢዩ ከደጅ ሆኖ ልኩን ይሰማል። ራእይ ውስጥ እንኳ ደፍ አለ።

አሁን የማገናኛውን ድንኳን የምናስተምርበትን ሥዕል አስቡ። ጣሪያው ተነሥቷል። ናሱ መሠዊያ፣ መቅረዙ፣ መጋረጃው፣ ታቦቱ በአንድ ጊዜ ይታያሉ፤ ከየዕቃው አጠገብ ትርጉሙ ተጽፏል። እኔም ለዓመታት በዚህ አስተምሬያለሁ፤ ተማሪዎቼም ፈተናውን ጥሩ አድርገው አልፈዋል። ችግሩ ያለው ማቴ. 27፥51 ላይ ስንደርስ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታቦቱን በፕሮጀክተር ሲያይ ለቆየ ሰው የመጋረጃው መቀደድ ምን ይነግረዋል? ዕብ. 9፥8 ፊተኛይቱ ድንኳን ቆማ ሳለች መንገዱ ገና እንዳልተገለጠ የሚናገረው ለማን ነው? እኛ እኮ ከመጋረጃው በላይ ሆነን ስንመለከት ነበር።

“በክርስቶስ መንገዱ ተከፍቷል፤ ወደ ጥላው ለምን እንመለሳለን?” የሚል ወንድም ይኖራል። መንገዱ መከፈቱን አምናለሁ። የዕብራውያን ጸሐፊ ግን ወደ ምዕራፍ 10፥19 የደረሰው ምዕራፍ 9ን ጽፎ ነው፤ አንባቢዎቹን ከውጭ አቁሞ፣ በዓመት አንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ እንደሚገባ አሳስቦ፣ ከዚያ ነው በድፍረት እንድንገባ የጋበዘን።

ስለዚህ ባለፈው ሴሚስተር ያንን ስላይድ ትቼ በዘጸ. 27 ጀመርኩ። የአደባባዩ መጋረጃ ቁመቱ 5 ክንድ ነው፤ ክንዱን 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብንወስደው ከ2 ሜትር ይበልጣል፤ ከሰው ቁመት በላይ ነው። የድንኳኑ ሳንቃዎች 10 ክንድ ናቸው። ከውጭ የቆመ እስራኤላዊ የሚያየው እንግዲህ ከመጋረጃው በላይ ብቅ ያለውን የድንኳኑን መደረቢያና የመሥዋዕቱን ጭስ ነው። ነጭ ሰሌዳው ላይ ይህንኑ ብቻ ሣልኩላቸው፤ አስቀያሚ ሥዕል ነበር። ሁለት ሳምንት ከዚያ አላለፍንም። በሦስተኛው ሳምንት ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ “መምህር፣ ታቦቱን መቼ ነው የምናየው?” አለኝ።

“አናየውም” አልኩት። ዕብራውያን 10 ላይ ለመድረስ አራት ሳምንት ይቀረን ነበር።