ጊታሩ ቃሉን አልሳተም

ባለፈው ሳምንት ዶርማችን ውስጥ የዉድስቶክን ፊልም አይተን ስናበቃ ክርክር ተነሣ። ግማሾቻችን «ሰውዬው የአገሩን መዝሙር አዋረደ» አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ «ሰምና ወርቅ ነው እንጂ! ሰሙ መዝሙሩ፣ ወርቁ የቪየትናም ጦርነት» ብለን ተሟገትን። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ጮኸን (ጎረቤቶቻችን ይቅር ይበሉን)። ሲነጋ ግን ሁለቱም ወገን በደንብ ሳያዳምጥ ሲከራከር ማደሩ ገባን።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1969፣ ሰኞ ጧት ነው። በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ቤቴል በተባለች ቦታ፣ አንድ የወተት ላም አርቢ እርሻ ላይ ለሦስት ቀን የተጠራው የሙዚቃ ድግስ ዝናቡና መዘግየቱ ተደማምረው አራተኛ ቀኑን ይዟል። አራት መቶ ሺህ ገደማ ይደርስ ከነበረው ሕዝብ አብዛኛው ሄዷል፤ የቀረው ጭቃ መኻል ከእንቅልፉ ጋር ይታገላል። ታላቁ ቅጽበት የሚባለው እንግዲህ ሜዳው እየተራቆተ ሳለ ነው የመጣው። ጂሚ ሄንድሪክስ ነጭ ጊታሩን ይዞ የአሜሪካንን ብሔራዊ መዝሙር ጀመረ፤ ያለ አንዲት ቃል።

መጀመሪያ ዜማው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከዚያ ድንገት ጊታሩ ይጮኻል፣ ያፏጫል፣ አንድ ነገር ከሰማይ ወርዶ ይፈነዳል። የት ላይ? ዋናው ጥያቄ ይኼ ነው። ግጥሙን ፍራንሲስ ስኮት ኪይ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1814 የእንግሊዝ መርከቦች የባልቲሞርን ምሽግ ሲደበድቡ በዓይኑ አይቶ ነው፤ ሮኬቱም ቦምቡም በግጥሙ ውስጥ በስማቸው ተጠርተዋል። ሄንድሪክስ ጊታሩን የሚያስጮኸው እነዚያ ቃላት በሚገቡበት ስፍራ ነው!

ታዲያ ሰምና ወርቁ የታለ? ቅኔ ቢሆን ቃሉ ሌላ፣ ምሥጢሩ ሌላ በሆነ ነበር። እዚህ የተሸሸገ ነገር የለም። ሰዎች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መቶ ጊዜ ሲዘምሩ ያልሰሙትን ቦምብ እሱ አሰማቸው። ከፍንዳታው በኋላ በወታደር ቀብር ላይ የሚነፋውን የጥሩምባ ዜማ ጣል ማድረጉ ግን በግጥሙ የሌለ፣ የራሱ ጭማሪ ነው። እዚህ ላይ ለሰምና ወርቆቹ ጓደኞቻችን ግማሽ ነጥብ እንሰጣለን።

«አዋረደ» ለምትሉትስ? ሰውዬው ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1962 በ101ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር በጃንጥላ ሲዘል የነበረ ወታደር ነው። በኋላ በቴሌቪዥን ሲጠየቅም ውብ ሆኖ እንደታየው ነው የመለሰው። ደግሞ ልብ በሉ፤ ከየፍንዳታው በኋላ ዜማውን ካቋረጠበት አንሥቶ ይቀጥለዋል። የሚያፌዝ ሰው ለምን ይመለሳል?

እርግጥ የዚያን ጧት ጨዋታ ሁሉ እንዲህ ነው አንልም። ባንዱ ገና አልተዋሐደም፤ አንዳንዱ ዘፈን ልክ እንደ ልምምድ ይጎተታል። ዘለን ብናልፈው ማንም አይከሰንም።

ቅዳሜ ማታ ፊልሙን ደግመን እናያለን። በዚህኛው ዙር ግጥሙን በወረቀት ገልብጠን እንይዛለን፤ የተቃወመን እርሳሱን ይዞ ይምጣ።