ነጠላውን ገልብጠው ይዩት

ሽሮ ሜዳ ነጠላ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥለቱን በፊቱ አይቶ፣ ዋጋ ተከራክሮ ይሄዳል። እኔ መጀመሪያ ገልብጬ ማየት እወዳለሁ። በማሽን የታተመ ጥለት ግልባጩ የገረጣ ቀለም ብቻ ነው። በእጅ የተሸመነ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ባለ ቀለም ክር ከየት ተነሥቶ የት ላይ እንደዞረ፣ የትኛው ድር ሥር ሾልኮ እንዳለፈ ይታያል። ጎበዝ ሸማኔ በዚያ በኩል የተንዘላዘለ ክር አይተውም። ገዢው እንደማያየው እያወቀ የተጠነቀቀ ሰው ሥራውን እንደሚወድ አምናለሁ።

ሽሮ ሜዳ በጉለሌ ነው፤ ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ የአሜሪካን ኤምባሲ አልፎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ግራና ቀኙ በሐበሻ ልብስ የተሞላ ሰፈር። ከሱቆቹ ጀርባ በየመንደሩ የሸማ ዕቃ የተተከለባቸው ቤቶች አሉ። ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከአርባ ምንጭ በላይ ካለው ከጨንቻና ከዶርዜ የመጡ፣ ወይም ወላጆቻቸው ከዚያ የመጡ ናቸው። በዚያ አገር ወንዱ ይሸምናል፣ ሴቷ ትፈትላለች። ቤቱ እንኳ በቀርከሃ ተሸምኖ ነው የሚቆመው። መስቀል ሲደርስ ብዙዎቹ ዕቃቸውን ትተው ወደ ትውልድ ቀያቸው ይሄዳሉ፤ ቀጠሮ የያዘ ደንበኛ ይህን ያውቃል።

ጥጥ ሸማኔው እጅ ከመድረሱ በፊት ብዙ እጅ አልፎበታል። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፣ ፈትሉም በልቃቂት ይጠቀለላል። ዛሬ ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው። ደህና ነጠላ ላይ ማጉ ግን አሁንም የእጅ ፈትል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ድር ቀኑን ሙሉ ተወጥሮ ስለሚውል ጥንካሬ ይፈልጋል፤ ልስላሴውንና ሙቀቱን የሚሰጠው ደግሞ ማጉ ነው። በእጅ የተፈተለ ማግ እዚህ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን ስለሚል ጨርቁ ብርሃን ላይ ሲዘረጋ ያ መለዋወጥ ይታያል። ፋብሪካ ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥረው ይሆናል፤ ለእኔ ግን የፈታይዋ ጣት ምልክት ነው።

ሸማኔው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ይሰዳል። በእግሩ ሲረግጥ ድሩ ለሁለት ይከፈታል፣ መወርወሪያው በመካከል ይሾልካል፣ ማጉ ይጠብቃል። ነጩ ክፍል እስኪያልቅ ሥራው በፍጥነት ይሄዳል፤ ከውጭ ለሚሰማው ምቱ አይዛነፍም። ጥለቱ ሲጀመር ያ ምት ይቆማል። አሁን የሚሠራው ጣት ነው። ድሮቹን እየቆጠረ የተወሰኑትን ያነሣል፣ የተወሰኑትን ይዘላል፣ በመሃል ቀዩን ወይም አረንጓዴውን ክር ያሾልካል፤ ከዚያ አንድ ነጭ ማግ ወርውሮ ያጠብቀውና እንደገና ይቆጥራል። ከፊቱ የተሰቀለ ሥዕል የለም። ፈረንሳዊው ጃካርድ በ1804 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ቆጠራ በተበሳ ካርድ ላይ አስፍሮ ለማሽን ሰጠው። ሽሮ ሜዳ ላይ ግን ቆጠራው አሁንም በሸማኔው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው፤ ከንፈሩን ላየው ሰው በጋሞኛ ሲቆጥር ይታወቃል።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን መጋጠሚያው ነው። የሸማ ዕቃ ጠባብ ስለሆነ ነጠላ የሚሠራው ሁለት ወርድ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው። ስለዚህ የአንዱ ወርድ ጥለት ከሌላው ጥለት ጋር መስመር በመስመር መግጠም አለበት። ሁለቱ ወርዶች በአንድ ጊዜ አልተሠሩም፤ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው በማግስቱ ሰውየው ደክሞት ሳለ ተሸምኖ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን እጁ ትንሽ ጠንከር ካለ ማጉ ይበልጥ ይጠብቅና ጥለቱ ያጥራል፤ ከላላ ደግሞ ይረዝማል። ያኔ መሃል ላይ የጥለቱ መስቀል ለሁለት ተሰንጥቆ አንዱ ክንፍ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል። ነጠላውን በመሃል ስፌቱ ይያዙትና ጥለቱን ይከተሉ፦ ካልተሰበረ፣ የእጁ ኃይል ከቀን ቀን አልተለወጠም ማለት ነው። ይህን ከማንኛውም ቀለም አብልጬ አደንቃለሁ።

እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራውን ሰው አገሩ ለረጅም ዘመን ሰድቦታል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ሲከለክሉ ከጠቀሷቸው መካከል ሸማኔና ብረት ሠሪ ነበሩበት። የሸማኔውን ሥራ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ሸማኔውን የሚንቅ ሰው መኖሩ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ባለፈው አንዲት ልጅ ስልኳን ይዛ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ዘንድ መጥታ ነበር። ከብራና መጽሐፍ ላይ የተነሣ የሐረግ ፎቶ አሳየችው፤ መስመሩ እየተጠላለፈ የሚዞር፣ ክብ ክብ ያለ።

«ጋሼ፣ ለመልሴ ቀሚስ ይኼ እንዲሆን ፈልጌ ነው።»

ስልኩን አቅርቦም አርቆም አየው።

«የኔ ልጅ፣ ይኼ በብዕር የተሳለ ነው። ብዕር እንደ ልቡ ይዞራል። ክር ግን ደረጃ በደረጃ ነው የሚወጣው።»

እምቢ አላለም። ዕቃው ላይ በነበረው ድር መጨረሻ ላይ በሁለት ቀለም ሞከረው። የመጀመሪያው ዙር ማዕዘን በዛበት፣ ፈታው። በሁለተኛው እያንዳንዱን ደረጃ በአንድ ድር ብቻ አሳነሰው፤ አንዱ ቀለም በሌላው ሥር የሚያልፍበት ቦታ ላይ ደግሞ አንድ ነጭ ድር ባዶ ተወ። ያቺ ነጭ መስመር ናት ሐረጉን ያስነሣችው። ቀርበው ሲያዩት ደረጃ ነው፤ ክንድ ያህል ራቅ ሲሉ ይዞራል። ከዚህ በፊት ያልሠራው ጥለት ነበር፤ የሠራውም ሲቆጥር በኖረው ቁጥር ነው።

ልጅቷ በስፋት እንዲሆንላት ጠየቀች። አይሆንም አላት፦ ከአራት ጣት ካለፈ የተጨመረው ክር ጫፉን ያከብደውና ቀሚሱን ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ሲታጠብም ነጩ ይሸበሸባል። ትንሽ ተከራከረች። ከዚያ በአራት ጣት ተስማሙና ቀብድ ከፍላ ሄደች።