ካሜራ የያዘ ምስክር
ስለ ፓትሪሲዮ ጉስማን ዘጋቢ ፊልሞች

የአንድ አገር ሕዝብ በሁለት ተከፍሎ በሚጣላበት ዘመን፣ ነገሩን ቆሞ አይቶ ለሚመጣው ትውልድ የሚመሰክር ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። የሚበዛው ሰው ከአንዱ ወገን ነው፤ ያልወገነውም ወይ ፈርቶ ዝም ብሏል፣ ወይ ሸሽቷል። የቺሊው ተወላጅ ፓትሪሲዮ ጉስማን ግን ወገናቸውን ሳይደብቁ ምስክር ለመሆን የተነሡ የዘጋቢ ፊልም አዘጋጅ ናቸው። ሥራዎቻቸውን በተራ ስንመለከት ልንመረምረው የምንፈልገው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ወገን ያለው ሰው የታመነ ምስክር ለመሆን ምን ማድረግ ይገባዋል? የሚል ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉስማን በ1941 በሳንቲያጎ ተወለዱ። የፊልም ሥራን በማድሪድ ተምረው በ1971 ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚያን ጊዜ ሳልቫዶር አሌንዴ፣ በ1970 በተደረገው ምርጫ ከመቶ 36 በጥቂት የሚበልጥ ድምፅ አግኝተውና የምክር ቤቱ ድጋፍ ተጨምሮላቸው፣ በፕሬዚዳንትነት አገሪቱን ያስተዳድሩ ነበር። የመዳብ ማዕድኑ የመንግሥት ሀብት ሲሆን፣ ሰፋፊው ርስት ለገበሬው ሲከፋፈል ያየው ሕዝብ እኩሌታው ደስ ሲለው እኩሌታው ተቆጣ። ጉስማን ከተደሰቱት ወገን ነበሩ፤ «የመጀመሪያው ዓመት» የተባለውንም ፊልም በዚሁ መንፈስ ሠሩት። ፈረንሳዊው የፊልም ሰው ክሪስ ማርከር ይህን ሥራ ወደውት ለአገራቸው ተመልካች አሳዩላቸው፤ በኋላም በቺሊ ጥሬ ፊልም በጠፋ ጊዜ ከፈረንሳይ ላኩላቸው።

በዚህ የተላከ ፊልም የተነሣው ሥራ «የቺሊ ውጊያ» ይባላል፤ ሦስት ክፍል ሆኖ በ1975፣ በ1976 እና በ1979 ወጣ። የፊልሙን አጀማመር ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው የአዘጋጁን ብልሃት ወዲያው ያስተውላል። ከማርች 1973 የምክር ቤት ምርጫ በፊት ጥቂት ሰዎች አንድ ካሜራና አንድ ድምፅ መቅጃ ይዘው በሳንቲያጎ መንገዶች እየዞሩ ማንን ትመርጣላችሁ? እያሉ ይጠይቃሉ። ከሠራተኛው ሰፈር ለመንግሥቱ የሚጮኸውን እንደሚጠይቁ ሁሉ፣ ኮሚኒስቶችን በቁጣ የሚያወግዙትንም ይጠይቃሉ፤ ቃላቸውንም ሳይቈርጡ ያሰማሉ። ከዚህም የተነሣ ተመልካቹ የሚመጣውን መከራ ከሩቅ ያየዋል። መንግሥቱ በዚያ ምርጫ ከመቶ 43 የሚበልጥ ድምፅ ማግኘቱ ሲነገር፣ ተቃዋሚው በምርጫ ብቻ እንደማይረካ ተመልካቹ አስቀድሞ ከሰዎቹ ፊት አንብቦታል። ፊልሙ ይህን ያህል የታመነው አዘጋጁ የማንም ወገን ስላልሆኑ አይደለም፤ ወገን እያላቸው ማይክሮፎኑን ለተቃራኒያቸው ስለ ዘረጉ ነው።

ይህ ምስክርነት ከባድ ዋጋ ተከፍሎበታል። የፊልሙ የመጀመሪያ ክፍል የሚፈጸመው አርጀንቲናዊው ካሜራ አንሺ ሌዮናርዶ ሄንሪክሰን ጁን 29 ቀን 1973 ባነሣው ሥዕል ነው። በዚያን ቀን ታንክ የያዙ ወታደሮች በመንግሥቱ ላይ ተነሥተው ነበርና፣ ሄንሪክሰን ወደ እርሱ የሚተኩሰውን ወታደር እያነሣ ሳለ በጥይት ተመታ፤ ሥዕሉም ይናወጥና ይጠፋል። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1973 የጄኔራል ፒኖቼ ጦር መንግሥቱን ገለበጠ። ጉስማን ተይዘው በብሔራዊው ስታዲዮም ለሁለት ሳምንት ያህል ከታሰሩ በኋላ ከአገር ወጡ። የተነሡት የፊልም ጥቅሎች በስዊድን ኤምባሲ በኩል በመርከብ ወጥተው በኩባ ተቀነባበሩ። የፊልሙ ካሜራ አንሺ ሆርሄ ሙለር ግን በኖቬምበር 1974 ተይዞ እስከ ዛሬ የገባበት አልታወቀም። ሥራው ለእርሱ መታሰቢያ ሆኗል።

ከዚህ በኋላ ያለው የጉስማን ዘመን የስደትና የትዝታ ዘመን ነው። የወታደሩ አገዛዝ በ1990 ካበቃ በኋላ ፊልማቸውን ይዘው ወደ ሳንቲያጎ ተመልሰው፣ ላልተወለዱበት ወይም ሕፃን ለነበሩበት ተማሪዎች አሳዩ፤ የሆነውንም በ1997 «ቺሊ፤ እምቢ ያለ ትዝታ» ብለው አቀረቡት። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ ግልበጣው ይገባ ነበር ብለው ይከራከራሉ፤ አንዳንዶቹ ፊልሙ ሲያበቃ ያለቅሳሉ። አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላሉ። ይህ ፊልም የሚያሳየን ግን ከዚህ የባሰ ነገር ነው፤ የተወጋውም ልጅ ካልተነገረው ይረሳል። መምህራን የሆኑ አንባቢዎቻችን ይህን ሥራ ቢመለከቱ ብዙ ያተርፉበታል ብለን እናምናለን።

በ2010 የወጣው «የብርሃን ናፍቆት» እና በ2015 የወጣው «የዕንቍ አዝራር» ሌላ መንገድ ይከተላሉ። በመጀመሪያው፣ በአታካማ በረሃ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የጥንቱን የከዋክብት ብርሃን ሲመረምሩ፣ በዚያው በረሃ የተገደሉባቸውን ዘመዶቻቸውን ዐፅም ሴቶች በእጃቸው ይቆፍራሉ። ምሳሌው ከምድሪቱ የተገኘ ስለሆነ ልብ ይነካል። በሁለተኛው፣ ሬሳ ታስሮበት ወደ ባሕር በተጣለ ሐዲድ ላይ ተጣብቆ የተገኘ አንድ አዝራር የታሪኩ ማሠሪያ ይሆናል። እዚህ ግን የአዘጋጁ የራሳቸው ድምፅ እየበዛ፣ የሚጠየቀው ሰው እያነሰ ሄዷል። ንግግራቸው ያማረ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ምስክር አብዝቶ ሲተረጕም ዳኛ ይሆናል።

የዚህ ጉዳት በግልጽ የታየው በ2022 በወጣው «በሐሳቤ ያለች አገር» ነው። በኦክቶበር 2019 የከተማው የምድር ባቡር ዋጋ በ30 ፔሶ ቢጨመር ሕዝቡ ተነሣ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ከመራጮቹ ከመቶ 78ቱ አዲስ ሕገ መንግሥት እንዲጻፍ ፈቀዱ። ጉስማን ይህን ሲተርኩ የሚያናግሩት ሴቶችን ብቻ ነው፤ ሁሉም የንቅናቄው ወዳጆች ናቸው። ሴቶቹ ብርቱና አስተዋዮች ናቸው። ሆኖም ፊልሙ በሜይ ከታየ በኋላ፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 2022 ሕዝቡ የተረቀቀውን ሕገ መንግሥት ከመቶ 62 በሚያህል ድምፅ አልቀበልም አለ። ያ አልቀበልም ያለ ሕዝብ በፊልሙ ውስጥ የለም። የ1973ቱን ፊልም ያየ ሰው የሚመጣውን አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ የ2022ቱን ያየ ግን በሆነው ነገር መደነቁ አይቀርም።

ወዳጆቹ የተገደሉበትን ሰው የገዳዮቹን ወገን ቃል አሰማ ማለት ጭካኔ ነው የሚለን አይጠፋም። ነገሩ እውነትነት አለው። ነገር ግን መስማት መስማማት አይደለም። አልቀበልም ካሉትም የሚበዙት የማንንም ደም ያላፈሰሱ ተራ ሰዎች ናቸው። ደግሞም ይህን መለኪያ ያመጣነው እኛ አይደለንም፤ ገና በ31 ዓመታቸው፣ ሞት በደጃቸው ቆሞ ሳለ፣ ተቃራኒያቸውን እየጠየቁ ያስተማሩን ጉስማን ራሳቸው ናቸው። ዘጋቢ ፊልም መሥራት የሚፈልጉ ወጣቶች ከሁሉ አስቀድመው «የቺሊ ውጊያ»ን ይመልከቱ፤ ካሜራው ከማይወደው ሰው ፊት ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይም ይቍጠሩ።