በ64 ኪሎባይት የተሠራ ኦፔራ

ፋይናል ፋንታሲ 6 ሲጀምር ሁለት ወታደሮችና ፈቃዷን የተነጠቀች አንዲት ልጅ፣ በእግር በሚራመዱ የጦር ማሽኖች ላይ ተቀምጠው፣ በረዶ እየወረደባቸው ወደ ናርሽ ከተማ ያዘግማሉ። ተጫዋቹ ምንም አያደርግም፤ ያያል፣ ይሰማል። ሜዳው አንድ ጠፍጣፋ ሥዕል ነው፤ ሱፐር ፋሚኮም የተባለው የኒንቴንዶ መሣሪያ ሥዕሉን አጋድሞ ወደ አድማስ የሚርቅ ምድር አድርጎታል። የሠሪዎቹ ስም በየተራ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ከሥር የኖቡዎ ኡኤማትሱ ዜማ አብሮ ይጓዛል። ጥድፊያ የለም፤ ከቪዲዮ ጌም መክፈቻዎች ሁሉ እኔ የማስበልጠው ይህን ነው።

ጨዋታው በ1994 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ሲወጣ ሙሉው 3 ሜጋባይት በሆነ ካርትሪጅ ላይ ሰፍሮ ነበር። ድምፁ የሚኖረው ግን ከዚያም በጠበበ ቦታ ነው። የሱፐር ፋሚኮምን የድምፅ ክፍል የነደፈው በኋላ የፕሌይስቴሽን አባት የተባለው የሶኒው ኬን ኩታራጊ ነው። ክፍሉ 64 ኪሎባይት ሜሞሪ አለው፤ በአንድ ጊዜ ሊያሰማ የሚችለውም ስምንት ድምፅ ብቻ ነው። የቫዮሊኑ ቅጂ፣ የከበሮው ቅጂ፣ ማጫወቻ ፕሮግራሙ፣ ኖታው፣ የገደል ማሚቶው ሳይቀር ከዚያው ከአንድ መሶብ ይበላሉ። ማሚቶው ይርዘም ከተባለ ከሙዚቃ መሣሪያዎቹ የአንዱ ቅጂ ማጠር አለበት።

ስለዚህ ቫዮሊን መስሎ የሚሰማን የቅጽበት ቅጂ ነው፤ ጫፉ ከመነሻው ጋር ተገጥሞ ይሽከረከራል። ጥበቡ መጋጠሚያው ላይ ነው፤ ትንሽ ቢዛነፍ ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል። ሠሪዎቹ የመሣሪያውን ጠባይ ያውቁታል፤ ቀጫጭኑን ድምፅ እንደሚያለዝብ፣ ማሚቶው ደረቁን ቅጂ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ እንደሚያስገባው። ድክመቱን ሳይቀር ሥራ ሰጥተውታል።

ይህ ሁሉ በጨዋታው ውስጥ ባለው የኦፔራ ትዕይንት ላይ ይታያል። ከገጸ ባሕርያቱ አንዷ ጄኔራል ሴሊስ፣ ማሪያ የምትባለውን ዘፋኝ ተክታ መድረክ ላይ ትወጣለች፤ ተጫዋቹም ግጥሙን አስታውሶ ትክክለኛውን ስንኝ ይመርጥላታል። መሣሪያው የሰው ዘፈን የሚይዝበት ቦታ ስለሌለው የሚሰማው ቃል አልባ፣ ከሰው ጉሮሮ የወጣ የሚመስል ድምፅ ነው። ድምፁ ከዜማው ጋር ከፍና ዝቅ ሲል ስንኙ ስክሪኑ ላይ ይጻፋል፤ ዓይን ያነበበውን ጆሮ የሰማው ይመስለዋል። ስምንቱን ድምፅ ደግሞ ዘፋኟም ኦርኬስትራውም ይካፈሉታል። ሴሊስ ራሷ 16 በ24 ፒክስል ናት። ከዚህች ጥፍር የማታህል ሥዕል ላይ አንገት መድፋትንና ማመንታትን ማውጣት ቀላል ሥራ አይደለም።

በ2006 ጨዋታው በእጅ ለሚያዘው ጌም ቦይ አድቫንስ ተዘጋጀ። ብዙ ነገር ተጨምሮለታል፤ ኤስፐር የሚባሉ አራት አዳዲስ ምትሃታዊ ፍጡራን፣ ተጨማሪ ዋሻ፣ ለእንግሊዝኛ አንባቢዎች የጠራ አዲስ ትርጉም። በመጀመሪያው ላይ ከመሣሪያ ምት ለማምለጥ የተቀመጠው ቁጥር በስሕተት ምንም አይሠራም ነበር፤ እሱም ተስተካክሏል። ለዚህ ሠሪዎቹ ምስጋና ይገባቸዋል።

መክፈቻው ሲጫወት ግን ልቤ ይሰበራል። ጌም ቦይ አድቫንስ ያን የመሰለ የድምፅ ክፍል የለውም፤ ጨዋታውን የሚያስኬደው ፕሮሰሰር ራሱ በትርፍ ጉልበቱ ድምፆቹን ቀላቅሎ በ8 ቢት ያወጣቸዋል። ኖታዎቹ ሁሉ አሉ፤ አንድም አልጠፋም። የጠፋው አዳራሹ ነው። ቫዮሊኑ ሣሣ፤ በኦፔራው ላይ ዘፋኟ ከሩቅ ሬዲዮ የምትሰማ ያህል ሻከረች። ስክሪኑም ከ256 በ224 ወደ 240 በ160 ስለጠበበ ሥዕሉ ከላይና ከታች ተቆርጧል። የመጀመሪያው ጌም ቦይ አድቫንስ ስክሪን የራሱ ብርሃን ስላልነበረው በዚህ መሣሪያ ላይ ቀለምን ማንጣት የተለመደ ነበር፤ እዚህም ያ የናርሽ ድቅድቅ ሌሊት ገርጥቷል።

ጥፋቱን ሁሉ በመሣሪያው ጥበት ላይ መጫን ግን አልችልም። በኋላ ተጫዋቾች በራሳቸው ተነሳሽነት ለዚሁ ለጌም ቦይ አድቫንስ ቅጂ የድምፅ ማስተካከያ ሠርተውለታል። ያው ፕሮሰሰር፣ ያው 8 ቢት ነው፤ ሙዚቃው ግን ከ1994ቱ ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። እነሱ ያደረጉት ተቀምጦ የመጀመሪያውን ደጋግሞ መስማትና የሙዚቃ መሣሪያዎቹን ድምፅ አንድ በአንድ ማስተካከል ነው።